የዘጠኝ ቁጥር ሰደርያና ሁለቱ ሞተሮች

ላኦንግ በየማለዳው ሞተሯን ከማስነሣቷ በፊት መሪው ላይ የጃስሚን አበባ ጉንጉን ታንጠለጥላለች። ከዚያ ሁለት መዳፎቿን አገጣጥማ ግንባሯ ድረስ ታነሣና፣ በየተሽከርካሪው ውስጥ ትኖራለች ለምትባለው ጠባቂ መንፈስ፣ ለሜ ያናንግ «ዛሬም በሰላም አውዪኝ፣ በሰላም መልሺኝ» ትላለች። ይህን ሳታደርግ የወጣችበት ቀን የለም። ቀጥላ ፔዳሉን ትመታለች። ድሮ በአንድ ምት ይነሣ የነበረው ሞተር አሁን አምስት ስድስት ጊዜ ካልተመታ አይነሣም፤ ሲነሣም ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ ጎረቤት ያሰጣውን ልብስ ያዳርሰዋል።

ሞተሩ ጥቁር ሆንዳ ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሠርቷል። ላኦንግ ራሷ አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። በታይላንዷ ናኮን ሳዋን ከተማ፣ ከዓሣ ገበያው በር ፊት ለፊት ባለው የሞተር ታክሲ ተራ አሥራ ስድስት ሆነው ይሠራሉ፤ አሥራ አምስቱ ወንዶች ናቸው። ከብርቱካናማ ሰደርያዋ ጀርባ ላይ የዘጠኝ ቁጥር ተጽፏል። ማዘጋጃ ቤቱ ለዚያ ተራ ከአሥራ ስድስት ሰደርያ በላይ አይሰጥም፤ አንዱ ካልሞተ ወይም በቃኝ ካላለ ሌላው አይገባም። ላኦንግ ይህን ቁጥር እስክታገኝ ድረስ አራት ዓመት ዓሣ ስታጥብ ቆይታለች። ካገኘችው ወዲህ ግን እናቷንም ራሷንም የምታኖረው በእሱ ነው።

ዝናቡ በገባ ሰሞን ተራው ዘንድ ባለው የመብራት ምሰሶ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ወሩ በገባ በአሥራ አምስተኛው ቀን ሞተሮች ሁሉ ይመረመራሉ፤ የሚያጨስ ወይም መብራቱ የማይሠራ ሞተር ይዞ የቀረበ፣ ሰደርያውን እዚያው አውልቆ ያስረክባል ይላል። ላኦንግ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወደ መካኒኳ ሄደች። መካኒኩ ሞተሩን ዞሮ ካየ በኋላ፣ እስካሁን ሁለት ጊዜ እንደ ከፈተው አስታውሶ፣ ሦስተኛ ጊዜ ክፈተው ካለችው እንደሚከፍተው፣ ግን ሲከፍተው እያዘነላት እንደሚሆን ነገራት። አዲስ ሞተር መግዛት ግድ ሆነ። የቀራት ሁለት ሳምንት ነበር።

በዚያ ከተማ አዲስ ሞተር መግዛት ማለት፣ በዋናው መንገድ ላይ ፊት ለፊት ከተገተሩት ሁለት ሱቆች አንዱ ውስጥ መግባት ማለት ነው። አንዱ ሆንዳ ይሸጣል፤ ግንባሩ ቀይ ነው። ሌላው ያማሃ ይሸጣል፤ ግንባሩ ሰማያዊ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱም ድምፅ ማጉያ በር ላይ ያቆማሉ። ቀዩ ሄልሜትና ጃኬት እንደሚመርቅ ሲናገር፣ ሰማያዊው ሩዝ ማብሰያና ጃንጥላ እንደሚጨምር ይመልሳል፤ በመካከላቸው የሚያልፍ ሰው የማንኛውንም አጥርቶ አይሰማም።

ተራው ላይ ያሉት ሾፌሮችም እንደ ሱቆቹ ለሁለት የተከፈሉ ናቸው። ላኦንግ ሞተር ልትገዛ መሆኑ ሲሰማ ሥራ ያቆሙ ይመስል ከበቧት።

«ሆንዳ ግዢ» አላት ተራ አስከባሪው ጋሼ ቻምኒያን። «የትም መንደር ብትቆሚ፣ ኑድል የሚሸጠው ሰውዬ እንኳ መለዋወጫ አያጣም።»

«እሷ የምትገዛው ሞተር ነው ኑድል?» አለ ቡንሉ። ቡንሉ ባለ አራት ቁጥር ነው፤ ሁለት ያማሃ ሞተሮች አርጅተውበት ሦስተኛውን የያዘ ሰው ነው። «ላኦንግ፣ እኔን ስሚኝ። ማርሽ የለ፣ ምን የለ፤ እጅሽን ማዞር ብቻ ነው። እግርሽን ሰብስበሽ እንደ እመቤት ትቀመጫለሽ።»

«እመቤት ዓሣ ስትጭን የት አይተህ ታውቃለህ?» አለ ጋሼ ቻምኒያን።

«አንተ ጋሼ፣ ስለ ሆንዳ ስታወራ እኮ ስለ ልጅህ የምታወራ ነው የሚመስለው።»

«ልጄማ ያማሃ ገዝቶ አሳፍሮኛል።»

ሁሉም ሳቁ። ከመካከላቸው አንዱ ከቻይና ስለሚመጡት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ሊያነሣ ሲል፣ ላኦንግ ወንዙ ሞልቶ ከተማው ጎርፍ ሲገባው የት ወስዳ እንደምትሰካው ጠየቀችው። ወደ ቤቷ ስትሄድ የሰማችው ሁሉ እውነት መስሎ ታያት። ሆንዳም ጥሩ ነው። ያማሃም ጥሩ ነው። ሁለት ጥሩ ነገር ደግሞ ለሰው ምክር አይሆንም።

የሚያስወስን ነገር ያገኘችው ሱቆቹ ውስጥ ገብታ ስትጠይቅ ነው። በእሷ አቅም ከሚገዙት ሞተሮች መካከል፣ ከአሥራ አምስተኛው ቀን በፊት የሚደርስላት በቀዩ ሱቅ ቀይ ብቻ፣ በሰማያዊው ሱቅ ደግሞ ሰማያዊ ብቻ ነበር። ሌላ ቀለም ከፈለገች አንድ ወር መጠበቅ አለባት። ላኦንግ ይህን ስትሰማ ቀለል አላት። በአገሩ ልማድ እያንዳንዱ የልደት ቀን ክፉ የሚሆንበት ቀለም አለው። መታወቂያዋ ላይ እንደ ተጻፈው የተወለደችው ሰኞ ነው፤ ሰኞ የተወለደ ሰው ከቀይ መራቅ እንዳለበት ደግሞ የማያውቅ የለም። ጥቁር ለሰኞ ሰው ክፉ ነው ስላልተባለ እስካሁን ስለ ቀለም አስባ አታውቅም ነበር። አሁን ግን ነገሩ ያለቀ መሰላት። በሰማያዊው ሱቅ የምትሸጠው የእህቷ ልጅ ኑይ ናት፤ ኑይ የአክስቷን ስም ወዲያው መዝገብ ላይ ጻፈችው፤ በዚያ ወር ገና አንድም ሞተር አልሸጠችም ነበር።

በማግስቱ ማታ ላኦንግ ይህን ለእናቷ አወራቻት። አሮጊቷ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር።

«ሰኞ?» አለች እናቷ ቀና ሳትል። «አንቺ እኮ ስትወለጂ ገና አልነጋም ነበር።»

ላኦንግ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። የቀን ስም የሚለወጠው ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ ሰኞ ሊነጋ ሲል ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ የተወለደ ሰው፣ በመንግሥት ወረቀት ሰኞ ቢባልም በቀለም ሰሌዳ ግን የእሑድ ሰው ነው። እሑድ የተወለደ ደግሞ ሰማያዊ አይነካም። እንግዲያው የተከለከለችው ቀይ ሳይሆን ሰማያዊ ነው፤ ልትገዛ የሚገባትም የጋሼ ቻምኒያንን ቀይ ሆንዳ ነው። ላኦንግ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች።

ጠዋት ሄዳ ለኑይ ነገረቻት። ኑይ መዝገቡን ሳትሰርዝ፣ በምሳ ሰዓቷ በራሷ ሞተር አያቷ ዘንድ ሄደች፤ ከአንድ ሰዓት በኋላም ፊቷ በርቶ ተራው ድረስ መጣች። አያቷ ነግቶ እንደ ነበር በግልጽ ነግረዋታል። ፀሐይዋ በበሩ ገብታ ምንጣፉ ላይ አርፋ ነበር ብለዋል። ላኦንግ የዚያኑ ዕለት ማታ ስትጠይቃት ግን እናቷ ፀሐይ ስለሚባል ነገር ምንም አላስታወሰችም። በሦስተኛው ቀን ዶሮ ጮኾ ነበር አለች። ዶሮው ግን ሲነጋ ይሁን ከመንጋቱ በፊት የጮኸው እርግጠኛ አልነበረችም፤ የዚያን ጊዜዎቹ ዶሮዎች እንዳሁኖቹ አይደሉም ብላ ጨመረች።

«እማዬ» አለች ላኦንግ፣ ወለሉ ላይ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ። «አንድ ጊዜ ቁርጡን ንገሪኝ። ሰደርያዬ ሊሄድብኝ ነው።»

አሮጊቷ ጎመኑን ወደ ጎን አደረገች።

«ምን ልበልሽ ልጄ። ያን ዕለት ዝናብ ስለ ነበር መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው። ምጥ የያዘው ሰው ደግሞ ሰዓት አይጠይቅም። ኑይ መጥታ ስትጠይቀኝ ነግቶ ነበር ብላት ደስ የሚላት መሰለኝ፤ አልኳት። አንቺ ስትመጪ ደግሞ ያልነጋ መሰለኝ።»

«መታወቂያው ላይስ ማን ነው ሰኞ ያለው?»

«አባትሽ ነዋ። ሌሊት ቢሮው ዝግ ነው። ሰኞ ሄደ፤ ጸሐፊው መቼ ተወለደች ቢለው፣ ዛሬ አለ። ያን ጊዜ ማንም አልጠየቀንም እኮ፤ አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም አልጠየቀኝም።»

ላኦንግ አርባ ሰባት ዓመት ቤተ መቅደስ በሄደች ቁጥር፣ ለየቀኑ ከቆሙት የቡድሃ ምስሎች መካከል ሻማዋን የምታበራው ለሰኞው ነበር። የእሑዱን ምስል በጎኑ ነበር የምታልፈው፤ ቀና ብላም አይታው አታውቅም። ባሏን ያገባችው ሰኞ ለተወለደች ሴት መልካም ነው በተባለ ቀን ነበር፤ በስድስተኛው ዓመት ጥሏት ሄደ። ይህ የሚያስረዳው እሑድ መወለዷን ነው ወይስ የባሏን ጠባይ? ሰደርያውንስ ያገኘችው በማን ዕድል ነው? እናቷን ልትቆጣት ፈለገች፤ ግን ጎመኑን ወደ ራሷ ስባ መቀንጠስ ጀመረች።

ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወደ መነኩሴው ሄደች። መነኩሴው ሽማግሌ ናቸው፤ የከተማውን አዲስ ሞተር ሁሉ በነጭ ዱቄት ምልክት አድርገው የሚባርኩት እሳቸው ናቸው። ታሪኩን እስከ ዶሮው ድረስ ሰሟት።

«ቀኑን ከነገርሽኝ ቀለሙን እነግርሻለሁ» አሏት። «ቀኑን ግን እኔ ከየት አመጣልሻለሁ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ አባ?»

«ቀስ ብለሽ ንጂ። እሱ ለሰባቱም ቀን ይሠራል።»

ላኦንግን ይህ መልስ አልበቃትም። ሰኞንም እሑድንም የማይጎዳ ቀለም የትኛው እንደ ሆነ አጥብቃ ስትጠይቃቸው፣ አረንጓዴ እንደ ሆነ ነገሯት። አረንጓዴ ሞተር በየትኛውም ሱቅ አልነበረም።

ይህን ለጋሼ ቻምኒያን ስትነግረው እንደ ሞኝ አያት። ክፉ ቀለምን በቃል ለመለወጥ ካልሆነ ተለጣፊ ጽሑፍ የሚባል ነገር የተፈጠረው ለምን መሰላት? የእሱ ነጭ ፒክአፕ ከኋላው «ይህ መኪና ጥቁር ነው» የሚል ከተለጠፈበት ስምንት ዓመቱ፤ እስካሁን አንድም ነገር አልነካውም። የከተማው መኪና ግማሹ እንዲህ አይደለም ወይ? ላኦንግ ጽሑፎቹን በየቀኑ ታያቸው ነበር፤ ለራሷ ይሆናሉ ብላ ግን አስባ አታውቅም። ገበያው ውስጥ ስልክ ከሚጠግነው ሰው አጠገብ ተለጣፊ የሚቆርጥ አለ። «ይህ ሞተር አረንጓዴ ነው» የሚል አስቆረጠችና በቦርሳዋ ያዘች።

ከዚህ በኋላ ነገሩ መቅለል ነበረበት፤ ግን ባሰበት። ተለጣፊው ለቀዩም ለሰማያዊውም እኩል ይሠራል። ቀለሙ ሲነሣላት፣ አንዱን ከሌላው የምትለይበት ምክንያት አብሮ ጠፋ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሁለቱ ሱቆች መካከል፣ በመንገዱ አካፋይ ላይ ቆማ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ስታይ፣ አንድ አውቶቡስ ክላክሱን ነፋባት።

በመጨረሻ ሁለቱንም ልትነዳ ጠየቀች። በመጀመሪያ ኑይ ሰማያዊውን አወጣችላት። ሞተሩ ድምፁ የማይሰማ፣ መቀመጫው ሰፊ፣ ቡንሉ እንዳለውም እግር የሚሰበሰብበት ነበር። ላኦንግ መንገዱን ዞራ መጣች። በየመታጠፊያው ግን ግራ እግሯ ማርሽ ፍለጋ ወደ ታች ሲወርድ፣ የሚያገኘው ባዶ ወለል ነበር። ሁለተኛ ዞረች፤ እግሯ አሁንም ወረደ። ከዚያ ተሻግራ ቀዩን ወሰደች። ማርሹ እዚያው የለመደችበት ቦታ ነበር። አንድ ጊዜ ዞራ ስትመለስ ስለ እግሯ አንድም ጊዜ እንዳላሰበች ተገነዘበች።

ተሻግራ ሄዳ ለኑይ ነገረቻት። ኑይ መዝገቡን ከፍታ የአክስቷን ስም አየችው።

«ምን አጠፋሁ አክስቴ?»

«ምንም። እኔ እስካሁን የትኛው እንደሚሻል አላውቅም። እግሬ ነው እምቢ ያለው።»

«እግርሽ ይለምዳል እኮ። አንድ ሳምንት ብቻ።»

«ከነገ ወዲያ ነው ምርመራው» አለች ላኦንግ። ኑይ በስሟ ላይ መስመር አሠመረችበት፤ ገጹን ግን ወዲያው አልገለጠችውም።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ሾፌሮቹ ሞተሮቻቸውን ይዘው በማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ተሰለፉ። ከላኦንግ ፊት የነበረው ባለ አሥራ አንድ ቁጥር ሞተሩ ሲያጨስ ታየና፣ ሰደርያውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ማንም አልቀለደበትም። ቀጥሎ የእሷና የአዲሱ ሆንዳዋ ተራ ነበር። መርማሪው መብራቶቹን፣ ፍሬኑን፣ ስፖኪዮውን አየ። ማርሚታው ላይ ነጭ ጨርቅ አስጠግቶ አነሣው፤ ጨርቁ እንደ ነጣ ነበር። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረ። ወረቀቱ ላይ «ቀይ» ይላል። ሞተሩ ቀይ ነው። ከታርጋው በላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ አረንጓዴ ነው ይላል።

«ቀለሙ ምንድን ነው?» አለና ብዕሩን አዘጋጀ። ከአፏ ሰምቶ መጻፍ ሥርዓቱ ነበር።

ላኦንግ ተጨነቀች። ቀይ ብትል ተለጣፊው በገዛ አፏ የሚፈርስ መሰላት። አረንጓዴ ብትል ከወረቀቱ ጋር አይገጥምም፤ የማይገጥም ሞተር ደግሞ አያልፍም። ከኋላዋ ጋሼ ቻምኒያን ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማችው።

«ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነው ጌታዬ» አለች።

መርማሪው ቀና ብሎ አያት፤ ተለጣፊውን አየ፤ ከወረቀቱ ገልብጦ ጻፈ። ማኅተሙን መታና ወረቀቱን መለሰላት።

በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ባለ ዘጠኝ ቁጥሯ ላኦንግ፣ ሁለት ቅርጫት ዓሣ የያዘች ነጋዴ ከገበያው በር ጭና ወደ ባቡር ጣቢያ ሄደች።