ሳልቀምሰው የሠራሁት ወጥ

ጊዜው በደርግ ዘመን ነው። ፋሲካ አልፎ፣ የገዳሪፍ ፀሐይ ጭንቅላት በምትበሳበት ወር። ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያንን እሑድ ግን ሳስበው እስካሁን ደረቴ ይነፋል። ይህን የምትጽፍልኝ ልጄ ናት። አትቀንሽ፣ አትጨምሪ ብያታለሁ።

እኔ የመተማ ሰው ነኝ። ጦርነቱ ባሌን በልቶ እኔን ሱዳን ጣለኝ። ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ የውጭ አገር መነኩሲቶች የሚያስተዳድሩት የስደተኛ ሴት ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ነበረ፤ እዚያ ወጥ ቤት ተቀጠርሁ። ልጆቹ ከየካምፑ የተሰበሰቡ ናቸው። የጎንደርም፣ የሁመራም፣ የኤርትራም አለች። አማርኛ የምታወራም ትግርኛ የምታወራም አለች፤ ክርስቲያኗና እስላሟ እኩል ለእኩል ነው። "እትዬ ጥሩ" ይሉኛል። አፌ ስለት ነው፤ እጄን ግን አንሥቼባቸው አላውቅም።

የበላይዋ ሲስተር ደግ ሴት ነበሩ። አንድ ነገር ግን አይገባቸውም። እሳቸው አገር ሥጋ ሥጋ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ መጀመሪያ ማን ባረከው ተብሎ ይጠየቃል። ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይበላም፤ እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይነካም። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው፤ ክፋት የለበትም። የገዳሪፍ ገበያ ሥጋ ደግሞ ሁሉም እስላም ያረደው ነው።

እናም እሑድ እሑድ ሥጋ ሲቀርብ ክርስቲያኖቹ ልጆች ምስራቸውን ይበሉና ሥጋውን በቀሚስ ኪሳቸው ደብቀው ለድመት ይጥሉታል። የግቢያችን ድመቶች እንደ ሙክት ሰቡ። አንድ ቀን ሲስተር ደረሱበት። ምክንያቱን ሲሰሙ "እንግዲያው ፍርድ እንዳይጓደል" ብለው በሚቀጥለው እሑድ ክርስቲያን ያረደው በግ አስመጡ። ያን ጊዜ ደግሞ እስላሞቹ ልጆች ከሰኒያው ተነሡ። ሰኒያ ማለት ሰባት ስምንት ልጅ ከቦ የሚበላበት ትልቅ ትሪ ነው።

ሲስተር ፊታቸው ደም መሰለ። "እዚህ ቤት ሁላችሁም እኩል ናችሁ። አብራ የማትበላ ልጅ ጓደኛዋን የናቀች ናት። ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ ከሰኒያው የምትነሣ ወደ ካምፗ ትመለሳለች" አሉ።

ዛህራ ብድግ አለች። የጎንደር እስላም ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። እናቷ ከኡም ጋርጉር ካምፕ አምጥታ፣ ልጄ እንደኔ እንዳትቀር ብላ የሲስተርን እግር ስማ ያስገባቻት ልጅ።

"እኔ አልበላም ሲስተር። ዛሬውኑ መልሱኝ" አለች።

ወዲያው አበባ ተነሣች። አበባ ክርስቲያን ናት፤ አልጋቸው ጎን ለጎን ነው። "እሷ ከሄደች እኔም እሄዳለሁ። እኔም የገበያውን ሥጋ በልቼ አላውቅም" አለች።

"እስከ እሑድ ዕቃችሁን አዘጋጁ" አሉ ሲስተር።

ወጥ ቤት ገብቼ ተንሰቀሰቅሁ። ያዘንሁት ለልጆቹ ብቻ አልነበረም፤ የራሴም ምሥጢር አንገበገበኝ። እኔም እኮ ክርስቲያን ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የእሑዱን የገበያ ሥጋ ወጥ ስሠራ አንድም ቀን ቀምሼው አላውቅም። ጨው የምትቀምስልኝ ዛህራ ናት። "ኧረ እትዬ፣ ዛሬስ አበዛሽው!" ትለኛለች። ቀምሳ ስትጨርስ ደግሞ የምስሩን ድስት ሄዳ ታያለች። "እትዬ፣ በሥጋው ጭልፋ የአበባን ምስር እንዳትነኪባት" ትላለች። እኔ ሥራ በዝቶብኝ ብዘነጋ እንኳ እሷ አትዘነጋም።

ሰኞ ጠዋት ካፈርሁ አይመልሰኝ ብዬ ሲስተር ቢሮ ገባሁ። ከሥራ ብባረር መሄጃ የለኝም። በተሰባበረ ዓረብኛዬ ሁሉንም ዘረገፍሁት።

ሲስተር አፋቸውን ይዘው ቀሩ። "አንቺም? ታዲያ ጨውን ማን ይቀምስልሻል?"

"ዛህራ ናታ! የአበባን ምስር ከሥጋው ጭልፋ የምትጠብቀውም ዛህራ ናት። ብትንቃት ኖሮ ምን ቸገራት?"

ወንበር ሳቡልኝ። ከዚያ "ምን ይሻላል ታዲያ?" አሉኝ።

እኔም ሳላስበው ከአፌ ወጣ። "ዓሣ! ዓሣ ባራኪ የለውም። እስላሙም ይበላዋል፣ ክርስቲያኑም ይበላዋል።"

"መልካም። ግን እሑድ አንዲት ልጅ ከሰኒያው ከተነሣች ሁለቱ ይሄዳሉ። አንቺም አብረሻቸው" አሉኝ።

ከአትባራ ወንዝ ዓሣ የሚያመጣ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነበረ። ቅዳሜ ይዞ መጣ። ጆንያውን ብከፍተው አምባዛ ብቻ! ቅርፊት የለውም ብለው የኛ ክርስቲያኖች አፋቸው አያስገቡትም። ራሴን ይዤ ጮህሁ።

"ያ ኡኽቲ፣ እኅቴ፣ ዓሣ ዓሣ ነው!" አለኝ።

ወይ ጉድ፣ ሌላ ሲስተር መጣብኝ! ቁጭ አድርጌ የሁለቱን ልጆች ነገር አጫወትሁት። ሰውዬው ጢሙን ሲያሻሽ ቆየና "ወላሂ፣ ነገ ጠዋት ቅርፊት ያለውን አመጣልሻለሁ" ብሎ ሄደ።

እሑድ ነጋ። ዘይቱን ጥጄ በር በሩን አያለሁ። የዛህራና የአበባ ጓዝ ታስሮ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ሦስት ሰዓት አለፈ፤ አራትም ሆነ፤ ሰውዬው የለም። ስለቴን ስንቱ ታቦት እንደሰማው እግዜር ይወቀው። አምስት ሰዓት ሲሆን አንድ ሎሪ በራችን ላይ ቆመ። ሽማግሌው በረዶ ላይ የተኛ፣ ቅርፊቱ የሚያብለጨልጭ ዓሣ ይዞ ወረደ። ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ሲጠበስ ሽታው ግቢውን ሞላው። ልጆቹ ሰኒያውን ከበቡ። ግን አንዲትም እጅ አልተዘረጋ። ሲስተር በሩ ላይ ቆመዋል።

"እትዬ፣ ማን ባረከው?" አለች ዛህራ።

"ማንም! ዓሣ ነው፤ በቢላ አልታረደም። ከወንዝ ወጥቶ ነው የመጣው። ብሉ!"

አበባ ዓሣውን ቆረሰች። እሾሁን አንድ በአንድ ለቅማ ልትጎርስ ነው ስል፣ ዞር ብላ ለዛህራ አጎረሰቻት። ዛህራ አኘከች፣ ዋጠች፣ እሷም መልሳ አጎረሰቻት። ከዚያማ ማን ይቻላቸው! የትግርኛው፣ የአማርኛው፣ የዓረብኛው ጫጫታ ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። ከሰኒያው የተነሣች አንዲትም አልነበረች። እኔም ከድስቱ አጠገብ ቆሜ በላሁ። ጨው ትንሽ አንሶታል፤ ግን እንዴት ይጣፍጥ ነበር!

ሲስተር መሬት ቁጭ ብለው ከልጆቹ ጋር በእጃቸው በሉ። ሲጨርሱ ተነሡና "ንቀት ያልሁት ንቀት አልነበረም። ያላወቅሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በሉኝ" አሉ። ጓዙን ከበረንዳው ራሳቸው አንሥተው ወደ መኝታ ክፍሉ መለሱት። ከዚያ ወዲህ የእሑድ ምግባችን ዓሣ ሆነ። ዓሣ በጠፋ ቀን ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ፣ አንድ ሰኒያ።

ዛህራና አበባ ትምህርታቸውን ጨረሱ። የምስክር ወረቀታቸውን የተቀበሉ ዕለት እየሮጡ ወጥ ቤት መጥተው፣ በሊጥ እጄ አስያዙኝ። ማንበብ አልችልም፤ ግን ገልብጬ ገልብጬ አየሁት። የትምህርት ቤት ደጅ ሳልረግጥ ሁለት ልጅ አስመርቄያለሁ እያልሁ ለሰው ሁሉ አወራለሁ። ጉራ ነው ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ጉራ ነው!