ቢጫው ቁልፍ

ቦዲል ራውንኪልደ የገዛ ጥላዋን የምትጠረጥር ሴት ናት። ምክር ቤት ከመግባቷ በፊት በትውልድ ደሴቷ በሊልሆልም የዓሣ ሚዛን ተቆጣጣሪ ነበረች፤ ዓሣ ነጋዴ ደግሞ ሚዛኑ ላይ አውራ ጣቱን ማሳረፍ አይረሳም። ኮፐንሃገን መጥታም አሥራ ሁለት ዓመት ያንኑ አውራ ጣት ስትፈልግ ኖራለች።

ፓርቲዋ ለጠባይዋ የሚስማማ ሥራ ሰጣት። ከመንግሥት ወገን አንድ አባል ከታመመ፣ ከተቃዋሚውም አንድ ሰው ድምፅ ሳይሰጥ ይቀራል፤ በሽታ ሕግ እንዳይጥል። ፊርማ የለ፣ ምስክር የለ፣ በቃል ብቻ። በተቃዋሚው በኩል ቃሉን የምትሰጠው ቦዲል ናት።

የትንንሽ ደሴቶችን የጀልባ አገልግሎት የሚያቋርጠው ረቂቅ ሕግ ለመጨረሻ ድምፅ በቀረበበት ጠዋት፣ በመንግሥት ወገን ይህንኑ ሥራ የሚሠራው አስገር ቢሮዋ መጣ። ከሚቋረጡት ጀልባዎች አንዱ የሊልሆልም ነው።

«የእኛዋ ሜሬተ ሆስፒታል ገብታለች። አንድ ሰው ቀንሺልኝ።»

«ልክ ዛሬ ታመመች?»

«የሐሞት ጠጠር ቀን አይመርጥም፣ ቦዲል።»

«እናንተ ትመርጡለታላችኋ!»

መንግሥት የሚበልጠው በአንድ ድምፅ ነው። እምቢ ካለች ድምፁ እኩል ይሆናል፤ እኩል ከሆነ ሕጉ ይወድቃል፣ ጀልባው ይተርፋል። ግን በታመመ ሰው እምቢ ማለት በዚያ ቤት ነውር ነው። ሜሬተ ጋ ራሷ ደወለች፤ ማቃሰቷ የውሸት አይመስልም። እያረረች ከወገኗ ሽማግሌውን ቪላስን ድምፅ እንዳይሰጥ ወደ ቤቱ ሸኘችው።

ቢሆንም አላመነችም። ድምፅ መስጠት ሲጀመር ቀዩን የተቃውሞ ቁልፍ ተጭና ዓይኗን ከማዶ ባለው በር ላይ ተከለች። ሜሬተ በዚያ ብትገባ ጮኻ ልታዋርዳቸው ተዘጋጅታለች። ማንም አልገባም። አዳራሹ ግን ድንገት አጉረመረመ፤ ሰሌዳው ሰማንያ ለሰማንያ ይላል። ዘወር ስትል ቪላስ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። አውራ ጣቱ ከራሷ ወገን ተገኘ።

«ምን ታፈጥጪብኛለሽ? ጀልባሽን አዳንኩልሽ!» አላት በሹክሹክታ።

አስገር ከማዶ አያት። ቃሉን የሰጠችው እሷ ነበረች። በሐፍረት ተቃጠለች። አፈ ጉባኤው ድምፅ አሰጣጡን ሊዘጋ ነው። ቦዲል እጇን ሰደደችና ከሁለቱም ወገን አይደለሁም የሚያሰኘውን ቢጫውን ቁልፍ ተጫነች። ሰማንያ ለሰባ ዘጠኝ። ሕጉ አለፈ።

በሳምንቱ ወደ ደሴቷ ስትሻገር ካርና ቲኬቷን ልትቆርጥ መጣች፤ ሃያ ዓመት በዚህችው ጀልባ ላይ ቲኬት ስትቆርጥ የኖረች ጎረቤቷ ናት።

«ንጉሡ ፈረመ?»

«ፈረመ።»

«እምቢ ቢል ምን ነበረበት?»

«እሱ ምን ምርጫ አለው ብለሽ ነው? ምክር ቤቱ ያጸደቀውን መፈረም ነው ሥራው።»

ካርና ቲኬቱን ቀስ ብላ ቆረጠችላት።

«አንቺስ?»

ቦዲል ቲኬቱን ተቀብላ ቢጫውን ቁልፍ የተጫነችበትን አውራ ጣቷን ተመለከተች።