የኮልፌ የባህር ወንበዴዎች

ባለፈው ሳምንት ከአየር ጤና ወደ ቤቴል በታክሲ ስሄድ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት በመስኮት እያየች “እዚህ ጋ ኩሬ አልነበረም እንዴ?” አለች፤ ለራሷ ነው ያለችው። ቀና ስል ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ከሥሩ ፋርማሲና የሞባይል ቤት። ነበረ እንጂ! ድሮ ድንጋይ ሲወጣበት የኖረ ካባ ነው። ከተተወ በኋላ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ይሞላውና እስከ ጥቅምት ኩሬ ይሆን ነበር።

“ነበረ፤ እኔ እንዲያውም መርከብ ሰጥሞብኛል” አልኳት።

ሴትዮዋ ገልመጥ አድርጋኝ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። አልፈርድባትም።

ነገሩ የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም ነው። ያኔም እንደ ዛሬው በርሜል ነበር የምሸጠው። አሮጌ የፕላስቲክ በርሜል እገዛለሁ፣ አጥባለሁ፣ ከታች በኩል በስቼ ቧንቧ እገጥምበታለሁ። በእኛ ሰፈር ውሃ በሳምንት አንዴ ብቅ ብትል ስለሆነ፣ ቧንቧ የሌለው በርሜል ቀና ብሎ የሚያየው የለም። ትምህርቴም እሱው ነው፤ ሰው ምን እንደሚፈልግ ከኪሱ በፊት ከዓይኑ ማንበብ።

አንድ ቀን አሸናፊ መጣ። አሸናፊ የሰርግ ቪዲዮ የሚቀርጽ፣ ጥርሱ ታይቶ የማያውቅ ልጅ ነው።

“ከድር፣ ስድስት በርሜል አውሰኝ።”

“ለምን?”

“ለመርከብ።”

ለካ አስቂኝ ፊልም ሊሠራ ነው። ሦስት የኮልፌ ሥራ ፈቶች፣ መርከብ እያገቱ የከበሩ ሰዎች እንዳሉ በሬዲዮ ሰምተው የባህር ወንበዴ ለመሆን ይነሳሉ። መቅዘፍ አያውቁም፣ መዋኘት አያውቁም።

“ባህሩስ?” አልኩት።

“ካባው አለ አይደል?”

“አይ አንተ! ለመሆኑ ባህር አይተህ ታውቃለህ?”

“አንተስ አይተሃል?”

“አላየሁም።”

“እንግዲያው ማን ያውቅብናል?”

የነጋዴ መልስ ነው፤ ወደድኩለት። በርሜሎቹን የሰጠሁት ግን በደግነት አይደለም። ሰው እጁን ወደ ኪሱ እንዲሰድ የሚያደርገውን አውቃለሁ፤ እንዲስቅ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ማየት ፈለግሁ።

ስድስቱን በርሜል አጋድመን በገመድ ጠፈርን፤ ከላያቸው ሁለት አሮጌ በር አሰርን። አንደኛው በር ቁልፉ ገና አልወለቀም ነበር። ቧንቧ ያለው በርሜል ለጀልባ ይሆናል ወይ ብሎ የጠየቀ ግን የለም። በርሜል ሲባል ከነቧንቧው ነዋ የምናውቀው!

ካፒቴኑ ደሳለኝ ነበር፤ ጦር ኃይሎች ላይ ታክሲ የሚጠራ፣ ድምፁ ሰፈር የሚሻገር ጎረምሳ። ቀረጻው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተጀመረ። መንገዱ ጭቃ፣ ዳር ዳሩን የሚጠበስ እሸት በቆሎ፤ ጭሱ ከእርጥብ አፈር ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ሆድ ይበላል። ኩሬው ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩና አሸናፊ እነሱን እንደ ተመልካች ቆጠራቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ወንበዴዎቹ ተጯጯሁ፣ ተጣሉ፣ የላስቲክ ሽጉጥ ተማዘዙ። አንድ ሰው አልሳቀም። በመጨረሻ ከአጣቢዎቹ ትልቋ፣ እትዬ ዘነበች፣ እጃቸውን ከሳሙናው አውጥተው፣

“ልጄ፣ አስቂኝ ነው ያልከው መቼ ነው የሚጀምረው?” አሉት።

አሸናፊ ካሜራውን አጥፍቶ ከረጢቱ ውስጥ ከተተ። ማታ ወደ ቤት ስንመለስ “ይሄ ሰው ካላሳቀ፣ ከሰርግ በቀር ሁለተኛ ካሜራ አልነካም” አለኝ። የቀልድ ፊት አልነበረውም።

በአራተኛው ቀን ደሳለኝ ጀልባዋ ላይ ሲወጣ የሚይዘው ቢያጣ ቧንቧ ያዘ፤ ቧንቧውም ዞረ። በርሜሉ እየተንደቀደቀ ጠጣ። ጀልባዋ አንድ ጎኗን ጣለችና ካፒቴኑ ከነትእዛዙ ተንሸራተተ፤ ሌሎቹ ሁለት ወንበዴዎችም ተከተሉት። ውሃው ከደረታቸው አያልፍም፤ እነሱ ግን የሚያውቁትን መልአክ ሁሉ ጠሩ። ሴቶቹ በሳቅ ልብሳቸው ላይ ተደፉ።

“ቀረጽከው?” አልኩት አሸናፊን።

አልቀረጸም። ለካሴቱ ሳስቶ ካሜራውን አጥፍቶት ነበር።

በማግስቱ በርሜሉን አፍስሰን ደገምነው። ያው ቧንቧ፣ ያው ውሃ፣ ያው ሰዎች። ደሳለኝ ከመውደቁ በፊት አወዳደቁን አሳመረ። እትዬ ዘነበች ማለቅለቃቸውን እንኳ አላቋረጡም። “ነገ አንድ ጊዜ ብቻ፤ ካሴቱ ከዚያ አያልፍም” አለ አሸናፊ።

በቆሎዬን እየጋጥኩ ሳስብ አመሸሁ። ምን ተለየ? ትናንት እንደሚሰጥሙ አያውቁም ነበር፤ ዛሬ ያውቃሉ። እጄ ላይ የቀረውን ቆረቆንዳ አየሁት። በማግስቱ ሰው ሳይመጣ ሄጄ፣ ቆረቆንዳ እየቆረጥኩ፣ በፌስታል እየጠቀለልኩ ስድስቱንም ቧንቧ ደፈንኩ። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ለበርሜሎቼ ስል ነው፤ ጭቃ ሊገባባቸው ነዋ። ግማሹ ግን፣ ለመስጠም ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ጀልባዋ እምቢ ብትለው ምን ያደርጋል ብዬ ነው።

አሸናፊ “ጀምሩ!” አለ። ደሳለኝ ቧንቧውን አዞረና አፍንጫውን ያዘ። ሁለቱ ጉንጫቸውን ነፍተው ተቃቀፉ። ጀልባዋ ዝም። ጠበቁ። ደሳለኝ አንድ ዓይኑን ከፈተ። ቧንቧውን እንደገና አዞረው። ከዚያ ፊልሙን ጭራሽ ረሳው። በሆዱ ተኛና በርሜሉን በመዳፉ ደበደበ። ሁላችንም ውሃ በጠፋ ቀን ቤታችን እንደምናደርገው አፉን አስጠግቶ ቧንቧውን መጠጠ። ከዚያ ከኩሬው መሀል ወደ ሴቶቹ ዞሮ፣

“እትዬ፣ እናንተ ጋ ውሃ አለ?” አለ።

“ኧረ የለም ልጄ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ሄዳለች!”

የዚያን ሳቅ ያህል ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። አሸናፊ ራሱ ትከሻው ይርገፈገፍ ነበር፤ ካሜራውን ግን በሁለት እጁ እንደያዘ ነው።

ፊልሙ አየር ጤና አካባቢ በአንድ አዳራሽ ታየ። ሰው እስከዚያች ቦታ አንቀላፋ፤ እዚያች ላይ በሳቅ ወንበሩን ረገጠ። “ያቺን እንዴት አሰብካት?” ሲሉት አሸናፊ አንገቱን ይደፋል። እኔም ቧንቧዎቹን መድፈኔን አልተናገርኩም፤ ምስጋናውን መተዌ ውለታ መስሎኝ። እሱ ሁለተኛ ፊልም አልሠራም። ትዳር ይዞት ነው ብዬ አሰብኩ።

ባለፈው ሳምንት ከታክሲው ወርጄ ቀጥታ የሰርግ ወንበር የሚያከራይበት ቤቱ ሄድኩና ቧንቧዎቹን እኔ እንደደፈንኳቸው ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ወንበር ሲደራርብ ቆየ።

“ለምን እንዳቆምኩ ታውቃለህ?” አለኝ በኋላ። “ሰው ሁሉ እንዴት አሰብካት ይለኛል። እኔ አላሰብኳትም። ያቺ ከየት እንደመጣች ሳላውቅ ሌላ ከየት አመጣለሁ?”

ሃያ ዓመት ሙሉ ለጋስ ነኝ ብዬ የያዝኩት ነገር፣ ለካ የሰው ዕቃ ኖሯል። ሰው ይነበበኛል ስል የኖርኩት ሰውዬ እሱን አላነበብኩትም። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

አመሻሽ ላይ ስልኬ ጮኸ፤ አሸናፊ ነው።

“ሁሉንም ነው የደፈንከው?”

“ስድስቱንም።”

“አንዷን ብቻ ክፍት ብትተዋትስ ኖሮ?”

 መልሴን አልጠበቀም፤ በስልኩ ውስጥ ወረቀት ሲገለበጥ፣ እስክሪብቶ ሲጫር ይሰማኝ ነበር።