ሳሎናችን ውስጥ የሰቀልኳት የነሐስ ሴት

ሌክውድ ከተማ ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው ፈረንጅ አዛውንት ወደ አረጋውያን ማረፊያ ሊገቡ ሲሉ ከግድግዳቸው ላይ አንዱን የነሐስ ጌጥ አውርደው ሰጡኝ። ትሪ የሚያህል፣ ምስሉ ከላዩ ወጣ ወጣ ብሎ የተሠራ የፈረንሳይ ዕቃ ነው። ፈረንሳዮቹ የጥንት ጣሊያኖች በእብነ በረድ የጠረቡትን አይተው በነሐስ ያወጡት ነው አሉኝ። ሻርፕ የተከናነበች ሴት ሕፃን ልጇን ጉንጯ ላይ አስጠግታለች። «ቬኑስ ናት፤ የሮማውያን የፍቅር አምላክ። ክንፍ ያለው ልጇ ነው፤ ክንፉ ከክንዷ ጀርባ ስለሆነ አይታይም» አሉኝ። እኔ እንኳን ለቬኑስ ለራሴም ጊዜ የለኝም! አመስግኜ ወሰድኩና ፒዮሪያ ስትሪት ያለው አፓርታማችን ሳሎን ውስጥ ሰቀልኩት።

አብራኝ የምትኖረው እናቴ መጀመሪያ ፊቷን አጨማደደች። «በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው እንጂ እንዲህ ያበጠ ነገር የለም» አለች። ዓይኗን ሞራ ስለጋረደው በጣቷ ዳበሰችው። እናት ናት፤ ሕፃን ታቅፋለች። «እመቤቴ ናት!» ብላ ተሳለመችው። ደስታዋን አይቼ፣ ቅዳሜ ረጋ ብዬ እነግራታለሁ ብዬ ተውኩት።

ቅዳሜ ሳይደርስ ወንድሜ ዳውንታውን በሚሠራበት ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ወደቀ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሷል ተባለ። በማሽን ነበር የሚተነፍሰው።

ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልንገራት? ጠዋት ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ ግንባሯን ነሐሱ ላይ ታስደግፋለች። «አንቺም ወልደሻል፤ ልጄን መልሺልኝ» ትላለች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ የሥራ ጫማዬን አስራለሁ። አዝኜ ነበር ብል ውሸት ነው። ምንም አይሰማኝም። ከሥራ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ሥራ፤ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ መውረዱን እረሳዋለሁ። ግንባሯ የሚያርፍበት የሴትየዋ ትከሻ እየተወለወለ ማብረቅረቅ ጀመረ።

ወንድሜ ሞተ። ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ። ሰው ሁሉ «ኧረ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ!» ይለኛል። እሺ እላለሁ፤ ውሃ አድላለሁ። እንባ ከየት ይምጣ?

ሰው ቀለል ሲል እናቴ ተነሥታ ነሐሱን ገልብጣ ፊቱን ከግድግዳው ጋር አጋጠመችው።

«ጨከነችብኝ» አለች። «እናት ሆና፣ እንደዚያ ስለምናት ጨከነችብኝ። ሁለተኛ ስሟን አልጠራም።»

የእመቤታችንን ስም ሳትጠራ ውሃ የማትጠጣ ሴት! ይሄንንማ ዝም ብዬ አላይም አልኩ። ያለኝ ማጽናኛ እውነቱ ብቻ መሰለኝ። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ እሷ እኮ እመቤታችን አይደለችም። የፈረንጅ ጌጥ ናት። እመቤታችን አልጨከነችብሽም።»

«አይደለችም?»

«አይደለችም።»

ፊቷ ይፈታል ብዬ ጠበቅኩ። ወደ ተገለበጠው ነሐስ ዞረች።

«ታዲያ ያ ልጄ» አለች፣ «ማንም ሳያማልደው ነው የሞተው?»