የዘይነባን ኪኒን የማስታውሰው እኔ ነበርኩ

ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የባለቤቴ የዘይነባ ስልክ ጮኾ የምሳ ኪኒንሽን ዋጪ አላት። እኛ ገና ቁርስም አልቀመስን።

ዘይነባ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከምሳ በኋላ የምትውጠው ኪኒን አላት። ውሃ ይዤ «ሙሽራዬ፣ ሰዓትሽ ደረሰ» የምላት እኔ ነበርኩ።

ካዛንቺስ ቢሮ ኮድ የምትጽፈው የልጅ ልጃችን ሀያት ትናንት አስታዋሽ አፕ ሠርታ ጫነችላት። በቃ፣ ከሥራዬ ተባረርኩ።

ስለዚህ ስልኩ ሲሳሳት ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ወዲያው ለሀያት ደወልኩ። «ያ ጉደኛ አፕሽ ሰዓት አያውቅም» አልኳት።

«ጥፋቱ የኔ ነው አባባ። ዳታቤዙ የያዘው ስምንት ሰዓት የሚለውን ብቻ ነው፤ ቀን የለው፣ የማን አቆጣጠር እንደሆነ አያውቅ። ኮዱ በፈረንጅ ስምንት ብሎ ወሰደው፣ ያ ደግሞ የኛ ጠዋት ሁለት ነው። ስድስት ሰዓት መደመር ረስቼ ነው።»

«ቀን የሌለው ሰዓት? እንደኔ ጡረታ ወጥቷል በይኛ።»

እየሳቀች አስተካከለችው። እኔ በልቤ እንዳይስተካከል እለምን ነበር።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ውሃዬን ይዤ ከተፍ አልኩ። ስልኩም ጮኸ። ዘይነባ ብርጭቆውን ከእጄ ተቀብላ ወደ ስልኩ ዞረችና «እሺ የኔ ጌታ፣ ልውጥ ነው» አለችው።

እኔን እኮ በትዳራችን ሙሉ «አንተ ሰውዬ» ነው የምትለኝ።

እስቲ አጽናኑኝ፤ እናንተስ ቤት ስልክ ቦታውን የቀማው ሰው አለ?