የእናቴ ክኒንና የኔ ፈተና

ዲግሪዬን ይዤ ከክፍለ ሀገር ስመለስ የአቃቂ ሰፈራችን በሙሉ "ዶክተር" አለኝ። ፋርማሲስት ዶክተር አይደለም ብዬ ማስረዳት ጀምሬ ነበር፤ ሰሚ ሳጣ ተውኩት። ለነገሩ ፋርማሲስትም ገና አልሆንኩም። የሙያ ፈቃድ ፈተና የሚባለው ነገር የመጣው በኛ ጊዜ ነው። ከኛ በፊት የተመረቁት ዲግሪያቸውን አሳይተው ሥራ ገቡ፤ እኛ ግን ፈተናውን ሳናልፍ አንዲት የራስ ምታት ክኒን መሸጥ አይፈቀድልንም። እኔ ደግሞ አንዴ ተፈትኜ ወድቄያለሁ። ባለሱቁ የስልጤ ጎረቤታችን ይህን ስለማያውቅ ባየኝ ቁጥር "ዶክተር፣ ፋርማሲውን መቼ ነው የምትከፍተው?" ይለኛል። በመጨረሻ በሱቁ በኩል ማለፍ አቆምኩ።

ለሁለተኛው ፈተና ሳሪስ፣ አንድ የክፍል ጓደኛችን ቤት እየተሰበሰብን እናጠና ነበር። መንግሥት አገሩን ሁሉ አንድ ለአምስት የሚያደራጅበት ዘመን ስለነበር፣ እኛም ራሳችንን "የወዳቂዎች አንድ ለአምስት" ብለን ሰየምን። የምናጠናው የድሮ ጥያቄ ነው የተባለ ፎቶ ኮፒ ነው። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ ግማሹ ፊደል ጠፍቷል። ጠዋት ያነበብኩትን ከሰዓት ውሃ ይበላዋል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ጥያቄውን ትቼ የመልሶቹን ፊደል በቃሌ መያዝ ጀመርኩ። አምስት ዓመት የተማርኩት ሰውዬ እዚህ ደረስኩ።

እናቴ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ የወጣች ናት። ዕድሜዋን በማሽን ጩኸት መሀል ስላሳለፈች ድምፅዋ ከጎረቤት ይሰማል። ያን ሰሞን ግን ዝም አለች። ለኔ ብላ ሱባኤ ይዛ በየማለዳው ጠበል ትሄዳለች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። እኔም ደስ አለኝ። በዚያ ጭንቀት ላይ ማንም ቢረዳኝ እምቢ አልልም ነበር።

አንድ ቀን ቤት ቁጭ ብዬ የደም ግፊት መድኃኒቶችን ሳጠና፣ በሽተኛው መድኃኒቱን በራሱ ጊዜ ቢያቋርጥ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ጥያቄ ላይ ደረስኩ። ቀና ስል እናቴ ግንባሯን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ግፊት አለባት። ክኒኗን በየወሩ ከጤና ጣቢያ የማመጣላት እኔ ነኝ። ተነስቼ የመድኃኒቷን ከረጢት ከፈትኩ፤ የወሩ ክኒን አንድ ፍሬ ሳይነካ እንዳለ ነው።

"እማዬ፣ ይኼን ለምን አልዋጥሽም?"

"ጠበል ላይ ነኝ እኮ ልጄ። በጠበልና በክኒን ሁለት ልብ አይኮንም።"

"ልትሞቺ ትችያለሽ።"

"አንተ ካለፍክልኝ ምን አለ?" አለች፣ ገበያ ልሂድ የምትል ያህል ቀለል አድርጋ። "ልጄ ፈተናውን እንዲያልፍልኝ ያለ ክኒን እጾማለሁ ብዬ ነው የተሳልኩት። ስለት አይፈርስም።"

ጮህኩባት። ለመንኳት። የተማርኩትን ሁሉ፣ ኩላሊቱን፣ ልቡን፣ የአንጎል ደም ሥሩን ደረደርኩላት። በሽተኛን እንዴት ማሳመን እንደሚቻል አንድ ሙሉ ኮርስ ወስጃለሁ፤ እናቴን ግን ከቦታዋ አላነቃነቅኳትም። ሌላ መላ ሳጣ የንስሐ አባቷን ለምኜ ቤት አመጣኋቸው።

"ለሐኪሙም ጥበብ የሰጠው እሱው ነው። ሱባኤሽ አይፈርስም፣ ዋጪ" አሏት።

የንስሐ አባት ቃል አይታለፍም። ዋጠችው። እሳቸውን እስከ በር ሸኝታ ስትመለስ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። "እሳቸው አይፈርስም ይላሉ፤ እኔ ግን የተሳልኩት ያለ ክኒን ነበር" አለችኝ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ፊቴ እንድትውጥ አደረግኩ። እሷም እንደ ተቀጣ ልጅ አንገቷን ደፍታ ትውጥ ነበር።

ፈተናው ላይ ከዚያ ፎቶ ኮፒ አንድም ጥያቄ አልመጣም። የሸመደድኳቸው ፊደላት ምንም አልፈየዱልኝም። ውጤቱ ሲወጣ በትንሽ ነጥብ ወድቄ አገኘሁት።

ቤት ገብቼ ከመናገሬ በፊት ፊቴን አይታ ገባት። ትቆጣለች ወይም ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ከመቀመጫዋ ተነስታ ጉልበቴን ያዘች። "ይቅር በለኝ" አለች። "አንተ ምን አጠፋህ? እኔ ነኝ ያፈረስኩብህ።"

እንዲህ አይደለም ማለት ነበረብኝ። ስላላጠናሁ ነው፣ ፊደል ስሸመድድ ስለከረምኩ ነው ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ተስፋ የቆረጠ ሰው የቀረበለትን ሁሉ ያነሳል፤ ለአንድ አፍታ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አመንኳት። ያ አፍታ አሁንም ያሳፍረኛል።

ከጉልበቴ ላይ አነሳኋት። የዚያን ቀን ክኒኗን ገና አልዋጠችም ነበርና ከነውሃው አቀረብኩላት። ተቀብላ ዋጠችው፤ ብርጭቆውንም መለሰችልኝ።

"ለሚመጣው ፈተና ግን" አለች፣ ክንዴን ይዛ፣ "እባክህ ልጄ፣ አባን አትጥራብኝ።"