የመቶ ዘጠና ዘጠኝ ድምር

ልጄን ለእናቴ ትቼ ሻርጃ ስገባ ገና ድክ ድክ ማለት አልጀመረችም ነበር። አፏን ስትፈታ እናቴን «እማዬ» አለች፤ እኔን በስሜ። ማንን ልቆጣ? አሠሪዬ ማዳም ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል ልብስ መተኮሻው ክፍል ገብቼ እደውላለሁ። ልጅቷ «ደህና ነኝ» ትልና ስልኩን ለአያቷ ሰጥታ እብስ! እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፤ «ይቺ ነገረኛ!» ብዬ ካውያውን ልብሱ ላይ እጭነዋለሁ፤ ከዚያ አለቅሳለሁ። በእረፍቴ ቀን ዱባይ፣ ናይፍ ሰፈር አጠገብ በተከራየነው አዳራሽ ስንጸልይ ሰዉ ስለ ቪዛው ሲለምን እኔ «ጌታ ሆይ፣ ይቺ ልጅ ብቻ ታናግረኝ» እል ነበር።

ትምህርት ቤት ድምር መጀመሯን ስሰማ ጨዋታ ፈጠርኩላት። ከአንድ ጀምረን ተራ በተራ እንቆጥራለን፤ የምንናገረው ግን ቁጥሩን ሳይሆን የአሃዞቹን ድምር ነው። ለአስራ ስምንት፣ አንድና ስምንት ዘጠኝ። ለአስራ ዘጠኝ፣ አስር። ሃያ ላይ ሲደረስ ሁለት! «ዱብ አለ!» ብላ ሳቀች። ጌታ ይመስገን፣ ሳቋን መጀመሪያ የሰማሁት ያን ቀን ነው። የተሳሳተ ይሸነፋል፤ ጨዋታውም ስልኩም ያበቃል። እሷ እቴ፣ ምሕረት የሚባል አታውቅም፤ በእኔ ወጥታለች። አንዷን ከሳትኩ «ተቃጠልሽ!» ብላ ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለች።

አንድ ቀን መቶን አልፈን እየገሰገስን ሳለ ማዳም ከእንቅልፏ ተነስታ «ያላ!» ብላ ተጣራች። እንግዳ መጥቶባታል። ልጄን «በቃ፣ ደህና ሁኚ» ማለት አቃተኝ። አውቄ ልሳሳትና ራሷ ትዝጋው አልኩ። መቶ ዘጠና ዘጠኝ የኔ ተራ ነበር፤ አስራ ዘጠኝ ማለት ሲገባኝ «ሃያ» አልኩ።

ልጅቷ አልዘጋችውም።

«ተሳሳተች! አስራ ዘጠኝ ነው እንጂ!» አለች እናቴ ከጎኗ፤ ጨዋታውን እየሰማች ለምዳዋለች።

«ዝም በይ እማዬ! አልተሳሳተችም!» ብላ ጮኸችባት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የኔ ተራ ነው። ሁለት መቶ፣ ሁለት። ቀጥይ... እንዳትዘጊው» አለችኝ።

ማዳም ድጋሚ ጠራችኝ። «ደቂቃ፣ ማዳም!» ብዬ ጮህኩና በሩን ዘግቼ፣ «ሦስት» አልኩ።